ወላጅ አእምሮው ሲታመም ልጁን እንዴት እንያዘው?

ልጅ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት የእናቴን ነጠላ ጫማ ድምፅ አዳምጥ ነበር። እግሯን እያነሣች ከመጣች ደህና ቀን ነው፤ መሬቱን እየጎተተች ከመጣች ግን ደብተሬን ይዤ ኮሽ ሳላደርግ ከፊቷ ዞር እላለሁ። ስለ ድብርት የነገረኝ ሰው አልነበረም። "እናትሽ ደክሟታል" ብቻ ነው የሚባለው። እኔም በሰባት ዓመቴ፣ ያደከምኳት እኔ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ዛሬ ሥራዬ እንዲህ ካሉ ቤተሰቦች ጋር ነው፤ በየቤቱም ያንን ጫማ የሚያዳምጥ ልጅ አላጣም።

ይህን የምጽፈው ለታመመችው እናት ወይም ለታመመው አባት፣ ለትዳር አጋር፣ ለአያት፣ ለአክስትና ለአጎት ነው። ድብርት፣ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመም)፣ ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ነገር የሚያሰማና የሚያሳምን ሕመም)፣ ከባድ ጭንቀት፣ ሕመሙ የትኛውም ቢሆን አብዛኛው ነገር ለሁሉም ይሠራል።

በቅድሚያ ስለ አንድ ፍርሃት ልናገር። ብዙ ወላጆች "ልጄን አበላሸሁት" እያሉ ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ። እውነት ነው፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወላጅ ልጅ ከሌሎች ልጆች ይበልጥ ለችግር የተጋለጠ ነው። መጋለጥ ማለት ግን ዕጣ ፈንታ ማለት አይደለም። ልጁን ይበልጥ የሚጎዳው በሕመሙ ዙሪያ የሚበቅለው ነገር ነው፤ ዝምታው፣ ይቅርታ ሳይጠየቅበት የሚታለፈው ቁጣ፣ ነገ ምን እንደሚሆን አለማወቅ፣ ለማንም የማይናገረው ሥጋት። ሕመሙን በአንድ ቀን ማጥፋት አንችልም። እነዚህን ግን ዛሬውኑ መንካት እንችላለን።

ቁርኝት ስንል ምን ማለታችን ነው?

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሕፃን የሚያሳድገውን ሰው የሚፈልገው ለመብል ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ዩጋንዳ ውስጥ በየቤቱ እየገባች እናቶችንና ሕፃናትን ተመለከተች፤ በኋላም ባልቲሞር ውስጥ ጥናቱን ቀጠለች። የሁለቱን ሥራ በአጭሩ ላስቀምጠው፦ ሕፃን ሲፈራ ሮጦ የሚገባበት፣ ሲረጋጋ ደግሞ ከጉያው ወጥቶ ዓለምን ሊያይ የሚነሣበት ሰው ያስፈልገዋል። ቁርኝት የምንለው ይህንን ነው። ይህ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ መሆን የለበትም፤ ሕፃን ከአባቱም፣ ከአያቱም፣ ዘወትር ከሚይዘው ከማንኛውም ሰው ጋር ይተሳሰራል።

አንደኛ፦ ወላጁ ይታከም

"ለልጄ ምን ላድርግለት?" ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያው መልሴ "አንተ ታከም" ነው። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በሚርና ዋይስማን መሪነት አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ድብርት ያለባቸውን እናቶች ሕክምና ከጀመሩ ከ3 ወር በኋላ ተመለከተ። ድብርቱ የለቀቃቸው እናቶች ልጆች ላይ የነበረው የአእምሮ ጤና ችግር ቀነሰ፤ እናቶቻቸው ያልተሻላቸው ልጆች ላይ ግን ባሰ። ስለዚህ ወላጁ ክኒኑን ሲውጥ፣ ቀጠሮውን ሲያከብር፣ ከባለሙያ ጋር ሲነጋገር ልጁንም እያከመ ነው።

ሐኪም በቅርብ ካልተገኘም በር አልተዘጋም። ገጠር ፓኪስታን ውስጥ ተራ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ሠልጥነው ድብርት ያለባቸውን እናቶች ቤት ለቤት እየሄዱ እንዲያነጋግሩ ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው በዚህ መንገድ ከታገዙት እናቶች 23 በመቶዎቹ ብቻ ድብርት ላይ ነበሩ፤ በዚህ መንገድ ካልታገዙት ግን 53 በመቶዎቹ።

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት ከወሊድ በኋላ 13 በመቶ ገደማ የሚሆኑ እናቶች የአእምሮ ሕመም ያገኛቸዋል፣ በአብዛኛው ድብርት። አባቶችም አይቀርላቸውም፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ይነካል፣ የሚጠይቀው ሰው ግን እምብዛም ነው። ይህን ድብርት ለመለየት በየጤና ተቋሙ ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኤዲንብራ መጠይቅ ነው። 10 ጥያቄዎች አሉት፣ የሚጠይቀውም ስላለፉት 7 ቀናት ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው፤ ለዚህ "በፍጹም" ካልሆነ በቀር የትኛውም መልስ የዚያኑ ዕለት ከባለሙያ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል።

ሦስት ነገሮችን አስምሩባቸው። ከ1000 ወሊድ በ1 ወይም በ2 ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ እናት እንቅልፍ አጥታ ግራ የሚያጋባ ነገር መናገር፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም መስማት ልትጀምር ትችላለች። ይህ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን አትተዉአት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት። ስትታከም ትድናለች። ሁለተኛው፣ ነፍሰ ጡር ነኝ ወይም አጠባለሁ ብላችሁ መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ፤ ከጡት ማጥባት ጋር የሚሄዱ መድኃኒቶች አሉ፣ ሐኪሙን ጠይቁት። ሦስተኛው፣ ለባይፖላር ቫልፕሮዌት የምትወስድ ሴት ለማርገዝ ከማሰቧ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ ይህ መድኃኒት ጽንስን ይጎዳል።

ሁለተኛ፦ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ

ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንድ ሙከራ አደረገ። እናት ከሕፃኗ ጋር ስትጫወት ቆይታ በድንገት ፊቷን ታደነዝዘዋለች፤ እያየችው ምንም አትመልስም። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይላል። ከዚያ በጣቱ ይጠቁማል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል። በመጨረሻ ፊቱን ያዞራል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ድብርት ፊትን ምን እንደሚያደርገው ያየ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ይነካል፤ እኔም አለቀስኩ። ሆኖም ትሮኒክና ባልደረቦቹ ሌላም ነገር አገኙ፦ ጤነኛ እናትና ሕፃንም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ አይገጣጠሙም። አንዱ ሲያይ ሌላው ዞሯል፣ አንዱ ሲስቅ ሌላው ያዛጋል። ሕፃኑን የሚያጸናው ተለያይተው መልሰው መገናኘታቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ፈገግ እንድትሉ የጠየቃችሁ የለም። መመለስ ይበቃል።

እንዲህ አድርጉ። ከቀኑ ውስጥ ሕመሙ ላላ የሚልበትን ሰዓት ፈልጉ፤ በድብርት ጠዋቱ የሚከብድ ብዙ ሰው አለ፣ እንደዚያ ከሆነ ከሰዓት በኋላውን ያዙ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ሕፃኑን ከፊታችሁ አስተኙት፤ ምን መሥራት እንዳለባችሁ አትጨነቁ፣ እሱ የሚያደርገውን መልሱለት። ድምፅ ሲያወጣ ድምፅ አውጡ። ፊቱን ሲያዞር አትከተሉት፤ እረፍት እየወሰደ ነው፣ ይመለሳል። ማውራት ካቃታችሁ የምትሠሩትን ብቻ ተናገሩ፦ "አሁን ካልሲህን አወልቃለሁ። ይኸው እግርህ።"

አንዲት እናት ፈገግታ ከፊቴ ጠፍቷል አለችኝ፤ ስትሞክር ፊቷ የሌላ ሰው እየመሰላት ታፍር ነበር። ፈገግታውን ለጊዜው ተይው አልኳት። ዳይፐሩን ስትቀይሪ የውስጥ እግሩ ላይ እፍ በይበት፣ ሌላ ምንም አታድርጊ። በመጀመሪያው ቀን እግሩን ሰበሰበ። በሦስተኛው ቀን ዳይፐሩ ሲፈታ እግሩን ወደ አፏ አነሣላት። እየጠበቃት ነበር። ስትነግረኝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ "ያውቀኛል" አለች።

ለሚረዷት ሰዎች የምለው አለ። ሊረዱ የሚመጡ ሁሉ ሕፃኑን ነው የሚቀበሏት። ልብሱን እጠቡላት፣ ቤቱን አንሡላት፣ ሕፃኑን ግን ከእሷ ጋር ተዉት። ሌሊቱ ግን ሌላ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት በተለይ ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ማኒያ (ስሜቱ ከልክ በላይ ወደሚግልበት ሁኔታ) ሊገፋ ስለሚችል፣ ሌሊት ሕፃኑን የሚይዝ ሌላ ሰው ይመደብ፤ እናት ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ሳትቋረጥ ትተኛ።

ሦስተኛ፦ ለልጁ ንገሩት

እዚህ ላይ ቀስ እላለሁ፤ ቤተሰብ ሁሉ የሚፈራው ይህንን ነውና። "ገና ልጅ ነው፣ አይገባውም" ይሉኛል። ልጁ ግን ካወቀ ቆይቷል። ያላወቀው ስሙን ብቻ ነው። ስም ያልተሰጠውን ነገር ልጅ በራሱ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙም አብዛኛውን ጊዜ "በእኔ ምክንያት ነው" የሚል ነው።

ማን ይንገረው? ከተቻለ የታመመው ወላጅ ራሱ፣ ደህና በሆነበት ቀን፣ ሌላው ወላጅ ወይም የሚያምነው ዘመድ አጠገቡ ተቀምጦ። ፊት ለፊት አፋጣችሁ አታስቀምጡት። አብራችሁ ስትራመዱ፣ ስትሥሉ፣ ልብስ ስታጥፉ ይቀልላል። ሦስት ነገር ሳይሰማ እንዳይነሣ፦ የሕመሙ ስም፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ፣ እሱን ማን እንደሚንከባከበው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ የልጁ ትልቁ ጥያቄ ግን እሱ ነው።

ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ፦ "እማዬ ታማለች። ሕመሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው፣ ድብርት ይባላል። መጫወት እንዳትፈልግ ያደርጋታል። አንተ ምንም አላደረግክም። ሐኪም እየረዳት ነው። ዛሬ ማታ የሚያስተኛህ አባዬ ነው።" በቃ። እንዲህ ያለው ልጅ ሰምቶ ወዲያው ወደ መጫወቻ መኪናው ይመለሳል፤ አልገባውም ብላችሁ አትዘኑ፣ በሳምንቱ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚያየውን ነገር ከሕመሙ ጋር አያይዙለት፦ "ቅዳሜ ዕለት አባዬ ጮኸብህ አይደል? ከዚያ በፊትም ሦስት ሌሊት አልተኛም ነበር። ይህ የባይፖላር ምልክት ነው። ሕመም ነው ማለት ግን ጩኸቱ ልክ ነው ማለት አይደለም።" ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አትዝለሏት። ሕመሙን የሚረዳ ልጅ የተጎዳበትንም መናገር ይፈቀድለት።

ወላጁ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ልጁ ማን ልክ እንደሆነ ይጨንቀዋል። "አባዬ የሚለውን ድምፅ እኔ አልሰማውም፣ አንተም አትሰማውም። እሱ ግን እየዋሸ አይደለም፤ አእምሮው ሲታመም እንደዚያ ያሰማዋል። ልትከራከረው አያስፈልግህም፣ እሺ ልትለውም አያስፈልግህም። ወደ እኔ ና።"

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ "እኔንም ይይዘኛል?" ብላ ትጠይቃለች፣ ወይም ሳትጠይቅ ታድራለች። ጠብቃችሁ ራሳችሁ አንሡላት። አይተላለፍም ብላችሁ አትሸንግሏት፤ ስልኳ ላይ አንብባዋለች። "እንደ ጉንፋን አይጋባም። በቤተሰብ ውስጥ ተጋላጭነቱ ሊወረስ ይችላል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ልጆች የወላጃቸው ሕመም አይደርስባቸውም። አንቺ እንቅልፍ ቢያስቸግርሽ፣ ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ቢቆይብሽ ቶሎ ትነግሪናለሽ፤ እኛም ምልክቱን ስለምናውቀው ቶሎ እንረዳሻለን።"

ወላጁ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ከሆነስ? ልጁ ከጎረቤት ልጅ ከሚሰማው ከእናንተ ይስማ። መንገዱን አትዘርዝሩ። "አባዬ ሕመሙ በጣም ስለከበደው ራሱን ሊጎዳ ሞከረ። አሁን ሆስፒታል ነው፣ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። አንተ ልታስቀረው የምትችለው ነገር አልነበረም፤ የሚጠብቁት ትላልቅ ሰዎች ናቸው።"

"ለማንም እንዳትናገር" አትበሉት። ይልቁንስ ሊነግራቸው የሚችላቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች አብራችሁ ምረጡ፣ የቀረው ሰው ሲጠይቀው የሚመልሳትን አጭር መልስም አስተምሩት፦ "እናቴ ታማለች፣ እየታከመች ነው።" የቤተሰቡን ጉዳይ ያከበረች፣ ልጁን ግን ያላፈነች መልስ ናት።

ይህ ዓይነቱ ንግግር በአንዳንድ አገር የሕክምናው ክፍል ሆኗል። ፊንላንድ ውስጥ ቲቲ ሶላንታውስ የምትባል የልጆች ሥነ አእምሮ ሐኪም፣ የታመመውን ወላጅ ስለ ልጁ ጥንካሬና ሥጋት የሚያነጋግር አጭር አሠራር አስፋፍታለች። ኖርዌይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሕመምተኛው ትንንሽ ልጆች እንዳሉት እንዲጠይቅ በሕግ ደንግጋለች። ሐኪማችሁ ስለ ልጆቻችሁ ካልጠየቃችሁ ራሳችሁ አንሡት። "ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ስለ እነሱም መነጋገር እፈልጋለሁ" ማለት ይበቃል።

አራተኛ፦ ከጮኻችሁ በኋላ ተመለሱ

ትጮኻላችሁ። በር ዘግታችሁ ቀኑን ሙሉ የማትወጡበት ቀን ይኖራል። ሲያልፍ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ ወደ ልጁ ሂዱ። ቁመታችሁን ዝቅ አድርጉ። ያደረጋችሁትን በስሙ ጥሩት፦ "ጠዋት ውኃው ሲፈስ ጮኽኩብሽ። ደንግጠሻል። ጥፋቱ የእኔ ነው።" "ግን አንቺም" የሚል ነገር እንዳይከተል። ይቅር እንድትላችሁም አታስገድዷት፣ እንድታጽናናችሁም አትጠብቁ። አልቅሳችሁ እሷ እንባችሁን የምትጠርግ ከሆነ ነገሩ ተገልብጧል፤ ልቅሶውን ለጓደኛችሁ አቆዩት። ቤቱ ውስጥ ድብደባ ካለ ግን ይቅርታ ብቻ አይበቃም፤ ልጁ ደህንነቱ የተጠበቀ ቦታ ይሁን፣ ወላጁም እርዳታ ያግኝ።

አምስተኛ፦ ልጁ የማን ሞግዚት ሆኗል?

ልጅ ሳህን ቢያጥብ፣ ታናሹን ቢያጫውት አይጎዳም፤ እንዲያውም ይኮራል። ሸክሙን የምታውቁት በዚህ ነው፦ የእናቷን ክኒን የምትቆጥር፣ ሌሊት ትንፋሿን ለማድመጥ የምትነሣ፣ ትምህርት ቤት ሆና "ራሷን ምን አድርጋ ይሆን" የምትል፣ የሁለት ወላጆቿ አስታራቂ የሆነች። እነዚህ የትልቅ ሰው ሥራዎች ናቸው፤ አንድ በአንድ ስሙን ጠርታችሁ ተረከቧት። "ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒቱን የምቆጥረው እኔ ነኝ፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው።" ምናልባት ትቆጣለች፤ ለረጅም ጊዜ ቤቱን ያቆመችው እሷ ነበረችና ምስጋናውን አስቀድሙ።

ስድስተኛ፦ አንድ ሌላ ሰው

ሃዋይ ውስጥ ካዋይ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ተመራማሪዋ ኤሚ ዌርነርና ባልደረቦቿ ለአሥርት ዓመታት ተከታተሉ። ድህነት፣ የቤተሰብ ጠብና የወላጅ የአእምሮ ሕመም ተደራርቦባቸው ካደጉት ልጆች ውስጥ ሲሶ ያህሉ ብቁና ተንከባካቢ ሰው ሆነው አደጉ። በነዚያ ልጆች ሕይወት ውስጥ ደጋግሞ የታየው፣ ቢያንስ አንድ የሚወዳቸው የተረጋጋ ሰው መኖሩ ነው። አያት፣ አክስት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት።

ያ ሰው እናንተ ከሆናችሁ ትልቅ ነገር አትጀምሩ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ተገኙ። የማትቀሩበትን ቀን ብቻ ቃል ግቡ። ከቀራችሁም አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ቤቱ ውስጥ በቂ የሚዋዥቅ ነገር አለ። ወላጁን ልጁ ፊት አታሙ፤ ልጅ እናቱን የሚያማ ሰው ጋ አፉን ይዘጋል።

በዚህ መካከል አስተማሪውም ከምክንያቱ ጥቂት ይወቅ። ልጁ ከሳምንታት በላይ ከተኛበት የሚባንን፣ አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ በኋላ እንደገና የጀመረ፣ ውጤቱ የወረደ፣ ጨዋታ የተወ፣ ሆዴን አመመኝ የሚያበዛ፣ ወይም ከልክ በላይ ጨዋ የሆነ እንደሆነ ለራሱ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ጨዋውን ልጅ አትለፉት። እኔ ጨዋ ነበርኩ። ስለ ሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ካወራ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት።

ሰባተኛ፦ ወረቀቱን በደህናው ቀን ጻፉ

ሕመሙ ሲነሣ ማሰብ አይቻልም። ስለዚህ ወላጁ ሲሻለው፣ ራሱ እየተናገረ አንድ ገጽ ጻፉ። ሕመሙ ሊመለስ ሲል የሚታዩ ምልክቶች ምን ምን ናቸው (እንቅልፍ መቀነስ፣ ስልክ አለማንሣት፣ ገንዘብ መርጨት)? መጀመሪያ ያያቸው ሰው ለማን ይደውላል? ወላጁ ሆስፒታል ቢገባ ልጁ የት ያድራል? ትምህርት ቤት ማን ያደርሰዋል? መድኃኒቱ፣ አለርጂው፣ የሐኪሙ ስልክ፣ ያለ እሱ የማይተኛበት ብርድ ልብስ? ልጁ ሆስፒታል ሄዶ መጠየቅ ከፈለገ ማን ይወስደዋል? ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚያይ ይነገረው፣ ጉብኝቱም አጭር ይሁን፤ መሄድ ካልፈለገ በስልክ ድምፅ ይስማ ወይም ሥዕል ይላክ።

አንዱን ቅጂ ለዚያ ለሌላው ሰው ስጡ፣ አንዱ እቤት ልጁ በሚያውቀው ቦታ ይቀመጥ። በየስድስት ወሩ አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት፤ ስልክ ይቀየራል፣ ልጅም ያድጋል። ሲጻፍ ልጁም አንድ መስመር ይጨምርበት። በቅርቡ አብሬአቸው የጻፍኩ ቤተሰብ ውስጥ የስድስት ዓመቷ ልጅ እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ ፊደሎቹን እያጣመመች፣ ከሐኪሙ ስልክ ቁጥር ሥር ጻፈች፦ "የኮሪደሩ መብራት አይጥፋ።" አያቷ አነበቡትና ከጎኑ ፈረሙበት።